የተሞረደው ጥርስ

ታኅሣሥ 28 ቀን 1972፣ ሰኞ፣ የልደት ማታ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ እጅጋየሁ ናት። አዘዞ እነሱ ቤት በዓሉን ውዬ ልመለስ ስነሣ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ፣ «አባባ፣ ብቻህን ከምታወራ እዚህ ላይ ጻፈው» አለችኝ። ብቻዬን እንደማወራ ማን ነገራት? አልጠየቅኋትም።

ዶሮው ሸጋ ነበር። ያለ አስናቀች ሦስተኛው ልደት መሆኑ ነው። እጅጋየሁ ዘንድሮ በዓሉ በሃያ ስምንት መዋሉን ረስታ ለሃያ ዘጠኝ ስታሰላ፣ ጎረቤቷ ባትነግራት ኖሮ የጾም ወጥ ታቀርብልኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳሾፍባት ዋልኩ። «የእኔ ልጅ ሆነሽ ዘመነ ዮሐንስን ትረሻለሽ?» እያልኩ። አሁን ሳስበው አበዛሁት። እናቷ ብትኖር «ተዋት» ትለኝ ነበር።

የደረስኩት ስድስተኛ ክፍል ነው። የውሃ ክፍል ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ብዙ የምጽፈው ያለኝ አይመስለኝም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሣጥኑ ዛሬ እኔ ቤት ገባ። ተራዬ ነው።

ከጻፍኩ ከሥሩ ልጻፍ። አያ ጎሹ ጡረታ እስኪወጡ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበሩ። አብሯቸው ያስተምር የነበረ ፈረንጅ በ67 ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን የእንጨት ሣጥን ትቶላቸው ሄደ። ውስጡ ያለው የልጆች መጫወቻ ነው፤ ዳር እስከ ዳር የተበሳሳ ዝርግ ብረት፣ ባለቀዳዳ ገበታ፣ ጎማ፣ ዘንግ፣ ባለጥርስ መዘውር፣ የሽምብራ ፍሬ የማያክል ብሎንና ዳዶ። በካቻቢቴ እየገጠሙ የፈለጉትን መሥራት ነው። እኛ አራት ሰዎች፣ ትንሿ እንኳ አርባ ያለፋት፣ በዚህ ነገር አብደናል። ሣጥኑ እንደ ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እባለተራው ቤት እንገናኛለን። ሰፈርተኛው «የብሎን ማኅበር» ይለናል፤ እኛም ተቀብለነዋል።

አያ ጎሹ የሚሠሩት ፋሲልን ነው። አንዱን ግንብ ጨርሰው ሲፈቱ ሌላውን ይጀምራሉ። ቢሻው ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ የማይሽከረከር ነገር አይነካም። ይመኙሽ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ድልድይ ትወዳለች። እኔ ሰማይ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማታ ማታ ቀና ማለት አመሌ ነው። ቢሻው «ለአስማረ አንድ ብሎን ብትሰጠው ኮከብ ነው ብሎ ጣራ ላይ ይሰቅለዋል» ይላል።

ሕጋችን ሦስት ነው። አይበየድም። አይሞረድም። የተሠራው ይፈታና ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። የጠፋ ዕቃ ካለ ቢሻው አዲስ ይሠራል እንጂ ያለው አይነካካም።

አሁን የያዝኩት ፀሐይ መሐል ቆማ፣ ምድር በዙሪያዋ፣ ጨረቃ በምድር ዙሪያ የሚዞሩበት ነው። እጀታውን አንዴ ማዞር አንድ ቀን ነው። እጀታ ስላለው «የአስማረ ወፍጮ» አሉት። የጎደለውን አንድ መዘውር ቢሻው ከሰባራ የናስ ሳህን ቆርጦ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ሁለት ወር ፈጅቶ ሠራልኝ።

ዛሬ ይመኙሽ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ትቶት የሄደ መጽሔት ይዛ መጣች። ገጹን ገልጣ ተረጎመችልኝ። በነሱ ፌብሩዋሪ 16 ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኬንያ ውስጥ ፀሐይ ፈጽማ ትጨልማለች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው አገር ግማሿ ያህል ትሸፈናለች። አስተማሪያችን «ፌብሩዋሪ ከሆነ ሰባት ቀንሱ» ይለን ነበር። ቀነስኩ። የካቲት 9፣ እሑድ።

የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ ወረቀት ላይ ሳልኩ፤ ቀኑንም ጻፍኩበት። በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ነገር ወደ ደጄ ሊመጣ ነው።

ይመኙሽ የምስር ወጥ በሳህን ትታልኝ ሄደች። ተረፈኝ ብላ ነው።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦታቱ ወደ ቀሐ ወረዱ። ሣጥኑ ተዘግቶ ዋለ።

ሕዝቡ ብዙ ነው። ግን ዘንድሮም የሚጨፍረው ወይ ሽማግሌ ወይ ሕፃን ነው። መካከሉ የለም። ቢሻው አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እሱም አይቶታል፤ አንዳችንም አላነሣነውም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ባጭሩ ልጻፍ።

አራታችን ጠረጴዛውን ከበን ሳለ ጓድ ደሴ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር ገባ። የቀበሌያችን የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ቀጥ ብሎ የሄደው እኔ ወደሳልኩት ወረቀት ነው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ፀሐይና ጨረቃ ናቸው» አልኩ።

«ቀስቱስ?»

«የሚዞሩበት ነው።»

«9-6-72 የሚለውስ? የምን ቀጠሮ ነው?»

ቢሻውን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ታናሽ ወንድሙን በ69 የወሰዱት ኪሱ ውስጥ በተገኘች አንዲት እጥፍ ወረቀት ነው። ምን እንደተጻፈባት እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

«ቀጠሮው የፀሐይ ነው» አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ወፍጮውን አዙሬ አሳየሁት። ደሴ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«በሳይንስ ነው?»

«በሳይንስ ነው።»

«እንግዲያው በዕለቱ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቹን በሙሉ ሜዳ አወጣለሁ። ፀሐይ ስትጨልም የመዓት ቀን ነው እያለ የሚሸበረውን ሕዝብ በዚህ ማሽን ታስተምራላችሁ። ከሆነ የክበብ ፈቃድ በማኅተም እሰጣችኋለሁ። ካልሆነ አራት ሰው በር ዘግቶ ቀስትና ቁጥር ሲሥል ምን እንደሚሠራ ሌላ ቦታ ታስረዳላችሁ። ሣጥኑም ገቢ ይደረጋል።»

ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

አያ ጎሹ በሩን ዘጉና፣ «ልጄ፣ ቀኑ እርግጥ ነው?» አሉኝ።

«እርግጥ ነው አያ ጎሹ።»

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ጾመ ነነዌ

አባ ወልደ ዮሐንስ ስለ ዮናስ ሰበኩ። ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ተናገረ፤ ሳትጠፋ ቀረች፤ ተቆጣ። «ከከተማዋ መዳን ይልቅ የቃሉ መሬት መውደቅ አንገበገበው» አሉ። ወደ እኔ ያዩ መሰለኝ። አላዩም ይሆናል።

የካቲት 9 እሑድ ነው። ያኔ ሁዳዴም ገብቷል። ሕዝቡን ከቅዳሴ አስቀርቼ ሜዳ ላይ የማቆመው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ከይመኙሽ ሽሮ፣ በሳህን። ተረፈኝ አለች።

ጥር 23፣ ዓርብ

ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጨረቃ በምዕራብ ስትገባ ፀሐይ በምሥራቅ ብቅ አለች። ፊት ለፊት። ሙሉ ጨረቃ ማለት ይህ ነው። ተመልሼ የወፍጮውን ጨረቃ ልክ እንደዚያው፣ ከፀሐይ ማዶ አቆምኳት። ከዚህ ወዲያ ቀን መቁጠር ብቻ ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ተጣላሁ። እኔ ነኝ የጀመርኩት።

ቀን እየቆጠርን እጀታውን አዞርን። ይመኙሽ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ጨረቃዋ ፀሐይና ምድር መካከል ገብታ ቀጥ ያለችው የካቲት 8 ላይ ነው። መልሰን ከመጀመሪያው አዞርን። አሁንም ስምንት።

«ዘጠኝ መሆን ነበረበት» አልኩ።

«ወፍጮው ስምንት ይላል» አለ ቢሻው።

«ወፍጮው አይደለም፤ ያንተ መዘውር ነው። አንድ ጥርስ አብዝተሃል።»

«ሠላሳ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

«የብስክሌትና የሰማይ ሥራ ለየቅል ነው እኮ ቢሻው» አልኩት።

ይህን ለምን አልኩ? ፈረንጅ በመጽሔት የጻፈው አይሳሳትም፣ የሰፈሬ ሰው ግን ይሳሳታል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቢሻው ቆብ ደፍቶ ተነሣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «አስማረ፣ እኔ የሠራሁት ነገር ዋሽቶ አያውቅም። ቀኑ ቢሳሳት አንገቱን የሚያስይዘው ሰው ግን እኔም ነኝ» አለኝ።

አያ ጎሹ ግንባቸውን ይፈቱ ነበር።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ከመሥሪያ ቤት ሞረድ አመጣሁ። አንዱን ጥርስ ሞረድኩት። ጥቂት ነው። የጥፍር ውፍረት ቢሆን።

አሁን እዚያች ጥርስ ላይ ሲደርስ ሳይነክስ ያልፋል፤ ጨረቃዋ አንድ ቀን ትዘገያለች። ዘጠኝ ሆነ።

ለማንም አልተናገርኩም።

ጥር 30፣ ዓርብ

ጓድ ደሴ በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሲዞር ሰማሁ። «እሑድ የካቲት 9 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ ሰፊው ሕዝብ የፀሐይን መጨለም በሳይንሳዊ መንገድ ይመለከታል።» ዳቦ ቤቱ ጋ አንዲት ሴትዮ «ፀሐይም ስብሰባ ተጠራች» አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዳቦዬን ሳልገዛ ተመለስኩ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሣጥኑ ወደ ቢሻው የሚሄድበት ቀን ነበር። አልመጣም። ባለተራው ሳይመጣ ሣጥን አይንቀሳቀስም። አያ ጎሹ ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር እያስተያዩ ቆጠሩ፤ መዘውሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆየ። ወደ መስኮቱ አቀረቡት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡትና ምንም አላሉም። ከሚቆጡኝ ይህ ባሰ።

ይመኙሽ ስትወጣ «ጋሼ አስማረ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ነርስ ፊት እንዲህ ያለ ውሸት ምን ያደርጋል። ሳህኖቿ መደርደሪያዬ ላይ አምስት ደርሰዋል። ለአንድ ሰው ይህን ያህል የሚተርፋት ምን ያህል ብትሠራ ነው?

የካቲት 2፣ እሑድ ማታ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ቅበላ አልቀመስኩም።

ዝም ብዬ ያቆየሁትን ልጻፍ።

ኅዳር 1970 ነው። አስናቀች ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ጎኗን ወግቷት ነበር። ሲመሽ «አስማረ፣ ሆስፒታል ብንሄድ ይሻላል» አለችኝ። እኔ ግቢ ነበርኩ። ሰማዩ ያን ዕለት ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር፤ ጁፒተር ከተራራው ጀርባ የምትወጣበትን ደቂቃ ልይዝ ሰዓቴን ይዤ ቆሜያለሁ። «እስኪ ይቺ ትውጣና» አልኳት። ወጣች። አየኋት። እቤት ስገባ አስናቀች መናገር አቅቷታል። ከዚያ ሰዓት እላፊ ሆነ። በር ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ። የወታደር ማኪና ያልፋል። አልወጣሁም። ሲነጋ ወሰድናት። ሐኪሙ «ማታ ቢሆን» ብሎ አልጨረሰውም።

እኔ ሁልጊዜ የምሳሳተው በትንሽ ነው። በአንድ ሰዓት። በጥፍር ውፍረት።

አቤቱ ይቅር በለኝ። አሁን ደግሞ የሦስት ሰው ነፍስ ይዣለሁ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ከየት ልጀምር።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ ዮሐንስን አንድ ጥግ ላይ ያዝኳቸው። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ አስናቀችንም የቀበሯት እሳቸው ናቸው። ስለ እሑዱ ላማክር ነበር የሄድኩት። አፌን ስከፍት ግን የሞረዱ ነገር ወጣ፤ ሞረዱን ተከትሎ አስናቀች ወጣች። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ኮከብ ማየትህ ኃጢአት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ስትጠራህ አለመግባትህ ነው። እሱን ሁለት ዓመት አለቀስክበት። ሰዓት እላፊውን ግን አንተ አላወጅከውም። ያንተ ያልሆነውን አትሸከም።»

ትከሻዬ ቀለለው።

ቀኖናውን ሰጡኝና እንደ ዋዛ፣ «ይኸን የፀሐይ ቀን ማን ነገረህ?» አሉ።

«ፈረንጆች ናቸው አባ። በነሱ ፌብሩዋሪ አሥራ ስድስት፤ ሰባት ቀንሼ ዘጠኝ አልኩ።»

አባ ቀና ብለው አዩኝ። «ዘንድሮ ልደትን በስንት ዋልክ?»

«በሃያ ስምንት።»

«ለምን?»

«ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ።»

«ምነው ታዲያ?» አሉ።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አባ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው፤ ለሕፃን እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብለው አስረዱኝ። አምና ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ሆነች። ያቺ አንዲት ቀን የእኛን ዕንቁጣጣሽ ከፈረንጆቹ አቆጣጠር በአንድ ቀን አዘገየችው። እነሱ የራሳቸውን ትርፍ ቀን የሚጨምሩት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚቀነሰው ስምንት እንጂ ሰባት አይደለም። ልደት በሃያ ስምንት የዋለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የካቲት 8። ቅዳሜ። ወፍጮው ልክ ነበር። ቢሻው ልክ ነበር። ልጄን ቀኑን ሙሉ የሳቅሁባት እኔ፣ ዶሮውን በሃያ ስምንት የበላሁት እኔ፣ ዘመነ ዮሐንስን የረሳሁት እኔ ነኝ።

አባ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር። የሳቁ ይመስለኛል። «እሑድን እንኳ ለእግዚአብሔር መልሰህለታል» አሉኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ከሥራ በኋላ መዘውሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ቢሻው ሱቅ ሄድኩ። ጎማ እየነፋ ነበር። ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ስምንት ነው። ያንተ ልክ ነበር። አንዱን ጥርስ ሞርጄዋለሁ» አልኩት።

አነሣው። በአውራ ጣቱ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ዞረ፤ የተሞረደው ላይ ቆመ።

«በምን ሞረድከው?»

«በዕቃ ቤት ሞረድ።»

«እሱማ ለናስ አይሆንም» አለ። ሌላ ቃል ጠብቄ ነበር።

ከዚያ መንፊያውን አስቀምጦ መሬት መሬት እያየ፣ «ወንድሜን ሲወስዱት ወረቀቱ የኔ ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም» አለኝ። አምስት ዓመት በየቅዳሜው አብረን ስንቀመጥ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ደንበኛ መጥቶ ብስክሌቱን ወስዶ ሄደ።

«ነገ ለደሴ እነግረዋለሁ» አልኩ።

«አብሬህ ልግባ?»

«አትግባ። ስሙን የሚጽፍ ከሆነ የኔን ብቻ ይጻፍ።»

«በሩ ላይ እቆማለሁ እንግዲያስ» አለ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ቢሻው ብስክሌቱን ይዞ ከቀበሌው በር ማዶ ቆመ። ገባሁ። ደሴ ብቻውን ነበር።

«ጓድ ደሴ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ቀኑን። ነገ ነው።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። አበቃልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለበላይ አካል እሑድ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። በጽሑፍ» አለ። እጁን አየሁት፤ ብዕሩን ይከፍታል፣ መልሶ ይከድናል። ከእጅጋየሁ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ይህን አላስተዋልኩም።

«ፀሐይቱን ለአንድ ቀን ማቆየት አይቻልም?» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላወቅሁም።

«አይቻልም።»

«ማን ተሳሳተ ልበል?»

«አስማረ ተሳሳተ በል።»

«እንደሱ ብዬ ብጽፍ አሻጥር ነው ይሉታል። አንተንም፣ ያመንኩህ እኔንም።» ተቀመጠ። ተነሣ። መስኮቱ ጋ ሄደ። ከዚያ ዞር ብሎ «ልምምድ» አለ።

«ምን?»

«ነገ የእሑዱ ስብሰባ ልምምድ ይደረጋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት። ተማሪዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ ማሽኑም ይቀርባል። ፀሐይዋ ከጨለመች ጨለመች። ካልጨለመች ልምምድ ነው።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። ያቺው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ደግሞ ፀሐይ ልምምድ ያስፈልጋታል?» እያለች አለፈች።

አሁን ማታ ነው። ከሦስቱ ጋር ተማክሬያለሁ። አያ ጎሹ «ወፍጮውን እኔ እሸከማለሁ» አሉ፤ በሰባ ዓመታቸው። ይመኙሽ ከሆስፒታል አሮጌ የራጅ ፊልም ታመጣለች።

ደመና እንዳይመጣ ብቻ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ጠራ። ጠዋት ተነሥቼ ሰማዩን ሳይ እንባዬ መጣ።

ገበያ ቀን ስለሆነ ሜዳው የታሰበውን ሁለት እጥፍ ሞላ። የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ እናቶች፣ ደብተራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥላ አድርገው ተቀመጡ። ወፍጮውን ጠረጴዛ ላይ አቆምን። ደሴ ንግግር አደረገ፤ «ልምምድ» የሚለውን ስድስት ጊዜ ጠራው።

አራት ሰዓት ተኩል። ምንም የለም። ደሴ አያየኝም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ይመኙሽ በመካከል እየዞረች፣ «ዓይን ከሄደ አይመለስም፤ ያለ ፊልም ቀና የሚል እንዳላይ» ትላለች። ፊልሙ ደግሞ ስምንት ቁራጭ ብቻ ነው። ሰው መጉረምረም ጀመረ። አንዲት አሮጊት «እኔ ሽንኩርቴን ትቼ ነው የመጣሁት» አለች።

አንዱን ፊልም ለአፍታ ዓይኔ ላይ አደረግሁ። የፀሐይዋ ጠርዝ ላይ፣ አይጥ የቀመሰችው ይመስል፣ ትንሽ ጎድሏል።

ፊልሙን ለቢሻው ሰጠሁት። አይቶ መለሰልኝና «መዘውሬ» አለ። ይኸው ነው።

ጉዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አያ ጎሹ እጃቸው ሥራ ሲፈታ አይወዱም፤ ከሣጥኑ ትልቁን ባለቀዳዳ ገበታ አውጥተው ፀሐዩን ሊከልሉበት ከፍ አድርገው ያዙት። ከሥራቸው የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን አይታ «ምንድን ነው ይኸ?» አለች። ጎንበስ ብለን አየን። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር አንዲት ትንሽ ፀሐይ ነጠላዋ ላይ ወርዳለች፤ እያንዳንዷም ጎድላለች። ሃምሳ ያህል ፀሐይ፣ ተራ በተራ ተሰልፈው፣ ሁሉም እንደ ማጭድ የጎበጡ።

ማንም ቀና ማለት አላስፈለገውም። ከሣጥኑ ያሉትን ገበታዎች በሙሉ አወጣን፤ ቢሻው አንዱን፣ እኔ አንዱን፣ ይመኙሽ አንዱን ይዘን ከመሬት ሁለት ክንድ ያህል ከፍ እያደረግን በየነጠላው፣ በየደብተሩ ላይ ፀሐይ ስናወርድ ዋልን። አሮጊቷ ደብተሯ ላይ የወረደላትን በእርሳስ ዙሪያውን ሳለችው። «ሀ ሁን ከጻፍኩ ወዲህ የጻፍኩት ትልቁ ይኸ ነው» አለች።

ደሴ መጥቶ መሬቱን አየ። ፊቱ በራ። «ማጭድ ነው እኮ» አለ።

«መዶሻው እኔ ሱቅ አለ» አለ ቢሻው።

አንድ ልብ እስኪመታ ድረስ ሁላችን ደነገጥን። ከዚያ ደሴ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ብርሃኑ እንደ ዝናብ ቀን ደበዘዘ፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ይመኙሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ዘርግታ፣ «እኔ ላይም ያውርዱ እንጂ ጋሼ» አለችኝ። አወረድኩላት። አስናቀች ብታይ ብዬ አሰብኩ። እንደ ወትሮው አልወጋኝም። ብታይ ደስ ይላት ነበር፤ በቃ።

ሕዝቡ ሲበተን ደሴ ፈቃዱን እዚያው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈልን። ማኅተሙ ሰኞ። «የእሑዱ ስብሰባ፣ ልምምዱ ከታቀደው በላይ ስለተሳካ ተሰርዟል» ብሎ በማጉያው ተናገረ። የሳልኩትንም ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ መለሰልኝ። ለቢሻው አሳለፍኩለት። ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች አነበበውና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ቅዳሴ አስቀደስኩ። ሕዝቡ ሞልቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን እኔና ቢሻው ተሸክመን ወደ ቤቱ ወሰድነው። ዕቃውን ስንቆጥር የተሞረደውን መዘውር አዲስ ልሥራ ይላል ብዬ ስጠብቅ አልሠራም አለ። «እዚያች ጥርስ ላይ ስንደርስ በጣት እንገፋታለን» አለ። አያ ጎሹ ዝርዝሩ ላይ ከመዘውሩ ጎን በቀይ «የአስማረ ጥርስ፣ በጣት የሚገፋ» ብለው ጻፉበት። ይመኙሽ ጮክ ብላ አነበበችው። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ሳህኖቿን አጥቤ ይዤላት ሄጄ ነበር። አራቱን ሰጠኋት። ቆጥራ «አምስት አልነበሩም?» አለች። አንዱን ረስቼው ነው አልኳት።

ስመለስ አዘዞ ለእጅጋየሁ ስልክ ደወልኩ፤ ለልደቱ ሳቄ ይቅርታ ልጠይቃት። ምን ሆነህ ነው አባባ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሣጥኑ ከመሄዱ በፊት፣ አያ ጎሹ እንድይዘው የፈቀዱልኝን አንዱን ገበታ ይዤ ስድስት ሰዓት ላይ ግቢ ቆሜ ነበር። ይህን ልረሳው ነበር። የተሳሳተው ቀኔ ነው ዛሬ፤ ፀሐይ ትጎድላለች ብዬ የማልኩበት። መሬቱ ላይ ተሰልፈው ወረዱ፣ ሃምሳ ያህል። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ሙሉ ነበሩ።